ፈቃዱ ከዲግሪው ይቀድማል፦ በዩክሬን ሕክምና ሲማሩ የነበሩ የሕንድ ተማሪዎች ጉዳይ

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ንጋት ላይ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የአገሪቱ ሰማይ በዚያው ዕለት ለመንገደኞች በረራ ተዘጋ። ያን ጊዜ በካርኪቭ፣ በሱሚ፣ በኪይቭ፣ በቪኒትሲያ፣ በቴርኖፒል፣ በኦዴሳና በሌሎች ከተሞች ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የሕንድ ተማሪዎች ነበሩ፤ የሚበዙት ሐኪም ለመሆን የሄዱ ናቸው። በባቡርና በአውቶቡስ፣ አንዳንዶቹም ረጅሙን መንገድ በእግራቸው፣ ወደ ፖላንድ፣ ሩማንያ፣ ሃንጋሪ፣ ስሎቫኪያና ሞልዶቫ ወጡ። የሕንድ መንግሥት «ኦፕሬሽን ጋንጋ» ብሎ የጠራው የማስመለስ ዘመቻ የመጀመሪያ አውሮፕላን ፌብሩዋሪ 26 ከቡካሬስት ተነሣ። በሱሚ ተከብበው የቆዩት 700 ያህል ተማሪዎች የወጡት ግን ማርች 8 ነው። በካርኪቭ አንድ የሕክምና ተማሪ በከባድ መሣሪያ ድብደባ ሕይወቱን አጥቷል። (እዚህ ያሉት ቀንና ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ጦርነቱን አንድ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ሊገምተው አይችልም ነበር። ተማሪዎቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ የገጠማቸው ግን አብዛኛው አስቀድሞ በደንብ ተጽፎ የተቀመጠ፣ ሊነበብ የሚችል ነገር ነው። አንድ ዶርም ውስጥ አልጋ ለአልጋ ይተኙ የነበሩ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ሁለት ልጆች ዕጣቸው ተለያየ። አንዱ አንድ ዓመት ተጨምሮበት ሐኪም ሆነ፤ ሌላው ከሦስት ዓመት በኋላም ገና ፈተና ላይ ነበር። የለያያቸው የዩኒቨርሲቲው ስም አልነበረም። በየትኛው ቀን ተመዘገቡ፣ ስንተኛ ዓመት ላይ ነበሩ፣ የመጨረሻው ወረቀት ላይ ምን ቀን ተጻፈ፣ እነዚህ ናቸው የለዩዋቸው። ውጭ አገር ሕክምና ወይም የእንስሳት ሕክምና ለመማር የሚያስብ ሁሉ ይህን ጉዳይ በዝርዝር ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ለምን ሄዱ

ሕንድ ውስጥ ሕክምና ለመማር «ኒት» የሚባለውን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በ2021 ለዚህ ፈተና 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዘገበ፤ 870 ሺህ ያህሉ የማለፊያውን ነጥብ አገኙ። በአገሪቱ የነበረው የሕክምና ትምህርት ቦታ በዚያ ዓመት ከ90 ሺህ ያነሰ ነበር፤ የመንግሥት የሆነው ግማሽ ገደማው ነው። ስለዚህ «አለፍክ» ከተባሉት ውስጥ ለአንድ ወንበር አሥር ሰው ይሰለፋል። የመንግሥቱ ወንበር ሳይደርሰው የቀረ ተማሪ ወደ ግል ኮሌጅ ቢሄድ ለመላው ትምህርት ከ60 ላክ እስከ 1 ክሮር ሩፒና ከዚያም በላይ ይጠየቃል፤ 1 ላክ 100 ሺህ፣ 1 ክሮር 10 ሚሊዮን ነው። በዩክሬን ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የሕክምና ትምህርት የዓመት ክፍያው በአብዛኛው ከ3,500 እስከ 5,000 ዶላር ነበር። በ4,000 ዶላር ብናሰላው፣ ስድስቱ ዓመት 24 ሺህ ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 18 ላክ ሩፒ ነው። መኖሪያና ጉዞ ሲጨመርበትም ከአገር ቤቱ የግል ኮሌጅ ግማሽ እንኳን አይሞላም።

ሒሳቡ ትክክል ነበር። እነዚህን ቤተሰቦች ተታለዋል ብሎ ማለፍ አግባብ አይደለም፤ በእጃቸው ባለው ገንዘብ ልጃቸውን ሐኪም ሊያደርጉ የሚችሉበት አንድ በር ይህ ነበር። ጉድለቱ የሒሳቡ ወረቀት ላይ ያልተጻፈው ነው። ወረቀቱ የትምህርቱን ዋጋ ያሰላል እንጂ የሙያ ፈቃዱን ዋጋ አያሰላም።

ይህን ክፍተት የሚያሰፋው ደግሞ የአማላጅ ድርጅቶች አቀራረብ ነው። ኤጀንት ፊት የተቀመጠ ቤተሰብ የሕንፃ ፎቶ፣ የዶርም ፎቶ፣ የክፍያ ሰንጠረዥና «ዩኒቨርሲቲያችን በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይቀርብለታል። ማውጫው እውነተኛ ነው፤ የዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽን ከአጋሩ ጋር የሚያዘጋጀው ነው። ነገር ግን በማውጫው መኖር እውቅና ማግኘት እንዳልሆነ ማውጫው ራሱ ይናገራል። ትምህርት ቤቱ መኖሩን ብቻ ይመዘግባል። የሕንድ ብሔራዊ የሕክምና ኮሚሽንም መስፈርት ያወጣል እንጂ ተማሪው ከመሄዱ በፊት ዩኒቨርሲቲውን መርጦ አይሰጠውም። መስፈርቱ መሟላቱ የሚጣራው ተማሪው ተመርቆ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ነው። ስድስት ዓመት አልፎ ማለት ነው።

የፈቃዱ ሰንሰለት

አንድ ሕንዳዊ በዩክሬን ተምሮ በአገሩ ለመሥራት የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች እንደ ሰንሰለት ማየት ይሻላል፤ አንዷ ቀለበት ከጎደለች የቀሩት አይይዙም። ከመሄዱ በፊት «ኒት»ን ማለፍ አለበት፤ ውጭ አገር ለሚማሩም ግዴታ የሆነው በ2018 ነው። ቀጥሎ የስድስቱ ዓመት ትምህርት አለ። በዚያ ውስጥ የዩክሬን መንግሥት የሚሰጣቸው ሁለት የምርጫ ጥያቄ ፈተናዎች ይገኛሉ፤ «ክሮክ 1» ከሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ መሠረታዊ ሳይንሱን፣ «ክሮክ 2» በስድስተኛው ዓመት ክሊኒካሉን ይፈትናሉ። ዲግሪው ሲገኝ ወደ ሕንድ ተመልሶ በውጭ ለተመረቁ የሚሰጠውን የማጣሪያ ፈተና ይወስዳል። ከዚያ በሕንድ ሆስፒታል 12 ወር ኢንተርንሽፕ (በክትትል ሥር የሚሠራ የሆስፒታል ልምምድ)፣ በመጨረሻም በክልሉ የሕክምና ምክር ቤት መመዝገብ።

ብዙዎችን የሚጥለው የማጣሪያው ፈተና ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። 300 ጥያቄ አለው፤ 150ው በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ 150ው በሌላው። ማለፊያው 150 ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በአብዛኞቹ ዙሮች ከሦስት ተፈታኝ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ይወድቃሉ። ምክንያቱ የተማሪዎቹ ስንፍና ብቻ እንዳይመስል። ፈተናው የሚከተለው የሕንድን ሥርዓተ ትምህርት ነው። የማኅበረሰብ ጤና ጥያቄዎቹ ስለ ሕንድ ብሔራዊ የጤና ፕሮግራሞች ይጠይቃሉ፤ የፎረንሲክ ሕክምናው የሕንድን ሕግ አንቀጽ ያነሣል፤ የትሮፒካል በሽታዎቹ ድርሻም በምሥራቅ አውሮፓ ዋርድ ውስጥ ተማሪው በዓይኑ ከሚያየው እጅግ የበዛ ነው። በእነዚህ ትምህርቶች በዩኒቨርሲቲው ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ እንኳ ለሌላ አገር የተዘጋጀ ዕውቀት ነው ይዞ የሚመጣው። አንድ ጊዜ መውደቅ ስድስት ወር ነው። ሁለት ጊዜ ዓመት።

ሌላው ድብቅ ችግር ቋንቋው ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ቢባልም ታካሚው በዩክሬንኛ ወይም በሩሲያኛ ነው የሚያወራው። አራተኛ ዓመት ላይ ተማሪው አልጋ ጠርዝ ቆሞ ሂስትሪ ሲወስድ «ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ወዴት ይዛመታል፣ ስትተነፍሽ ይብሳል?» ብሎ መጠየቅ፣ የተመለሰለትንም መረዳት አለበት። ያልቻለ እንደሆነ መምህሩ ይተረጉምለታል፤ ወይም አሥር ተማሪ ከኋላ ቆሞ ያያል። በዚህ መንገድ ያለፉ ሁለት ሦስት ዓመታት ትራንስክሪፕት (የኮርስና የውጤት ዝርዝር ወረቀት) ላይ «የክሊኒክ ሰዓት» ተብለው ይጻፋሉ፤ እጅ ላይ ግን የሉም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚሰጠውን የአገሩን ቋንቋ ኮርስ እንደ ቀልድ ያለፈ ተማሪ ዋጋውን የሚከፍለው እዚህ ነው።

ኖቬምበር 18 ቀን 2021

ጦርነቱ ከመጀመሩ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2021፣ የሕንድ ኮሚሽን በውጭ ለሚመረቁ አዲስ ደንብ በነጋሪት ጋዜጣው አወጣ። ይህን ቀን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ብዙ ነገር የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። በአዲሱ ደንብ መሠረት ትምህርቱ ቢያንስ 54 ወር መሆን አለበት። ከዚያ በላይ 12 ወር ኢንተርንሽፕ እዚያው በተማረበት ተቋም ያስፈልጋል። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ይሁን፤ ትምህርቱ፣ ሥልጠናውና ኢንተርንሽፑ በሙሉ ከሕንድ ውጭ በአንድ ተቋም ይለቅ፤ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ10 ዓመት ውስጥ ይጠናቀቅ። ተመራቂው በተማረበት አገር እንደ አገሩ ዜጋ የመሥራት ፈቃድ ሊያገኝ የሚችል መሆን አለበት። ወደ ሕንድ ሲመለስ ደግሞ ሌላ 12 ወር በክትትል ሥር ይሠራል።

እነዚህን አንቀጾች አንድ በአንድ ብናያቸው ከደንቡ ጽሑፍ የማይታይ ነገር ይወጣል። «12 ወር ኢንተርንሽፕ በዚያው ተቋም» የሚለው ቀላል ይመስላል። በዩክሬን ግን «ኢንተርናቱራ» የሚባለው ከዲግሪ በኋላ የሚመጣ፣ በስፔሻሊቲ የሚሰጥ ሥልጠና ነው፤ በስድስቱ ዓመት ውስጥ ያለው የሆስፒታል ልምምድ ሌላ ነው። ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ተሟልቷል ብሎ መሄድ አይቻልም። «እንደ አገሩ ዜጋ ፈቃድ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የውጭ ዜጋ ሐኪም ሆኖ እንዳይመዘገብ የሚከለክል አገር ውስጥ የተማረ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ይህን አንቀጽ ሊያሟላ አይችልም። በፊሊፒንስ የተማሩ ብዙ ሕንዳውያን የገጠማቸው ጭንቀት ከዚህና ከ54 ወሩ ነው፤ እዚያ ቀድሞ የሚወሰደው የባችለር ዲግሪ ከሕክምናው ትምህርት ጋር ተደምሮ አይቆጠርም።

«በአንድ ተቋም» የሚለው አንቀጽ ደግሞ በሰላም ጊዜ ማንም ልብ የማይለው ነው። ሦስት ወር ጥቂት ቀን እንዳለፈው ግን በጣም የሚፈለገው እሱ ሆነ።

ከተመለሱ በኋላ

አገር ቤት የገቡት ተማሪዎች በወላጆቻቸው ዘንድ አንድ ቡድን ይመስሉ ነበር። በደንቡ ፊት ግን ቢያንስ አራት ቡድን ነበሩ።

በጣም የቀለለላቸው ተመርቀው ኢንተርንሽፕ ብቻ የቀራቸው ናቸው። ኮሚሽኑ ማርች 4 ቀን 2022፣ ማለትም የማስመለሱ በረራ ገና ሳያልቅ፣ በኮቪድ ወይም በጦርነት ምክንያት ኢንተርንሽፓቸው የተቋረጠባቸው የማጣሪያውን ፈተና ካለፉ ቀሪውን በሕንድ እንዲጨርሱ ፈቀደ። ኮሌጆቹም ለዚህ ክፍያ እንዳይጠይቁ አዘዘ።

ሁለተኞቹ ስድስተኛ ዓመት ላይ የነበሩት ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከማርች አጋማሽ ጀምሮ በኦንላይን ማስተማር ቀጠሉ፤ የዩክሬን መንግሥትም ለዚያ ዓመት ተመራቂዎች «ክሮክ 2»ን ትቶ ዲግሪው በትምህርት ውጤት እንዲሰጥ ወሰነ፣ «ክሮክ 1»ን ወደሚቀጥለው ዓመት አስተላለፈ። በዩክሬን በኩል በሩ ተከፈተ ማለት ነው። በሕንድ በኩል ደግሞ ጁላይ 28 ቀን 2022 ኮሚሽኑ እንዲህ አለ፦ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሆነው የተመለሱ፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው እስከ ጁን 30 ቀን 2022 ድረስ የማጠናቀቂያ ወረቀት የተሰጣቸው፣ የማጣሪያውን ፈተና መውሰድ ይችላሉ። ካለፉ ግን ኢንተርንሽፑ አንድ ዓመት መሆኑ ቀርቶ ሁለት ዓመት ይሆናል፤ በአካል ያልተገኙበትን የክሊኒክ ልምምድ እንዲያካክስ።

እዚህ ላይ ነው ወረቀት የሰው ዕድሜ የሚሆነው። የዲን ቢሮው ሰነዱን ጁን 28 የፈረመለት ልጅና ጁላይ 5 የፈረመለት ልጅ ትምህርታቸውም ውጤታቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። በማስታወቂያው ቃል ግን አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ውጭ። በሰነድ ላይ ያለ ቀን ለአገሩ መዝገብ ቤት ተራ ማኅተም ነው፤ ለሌላው አገር ተቆጣጣሪ ግን የመብት መስመር ነው።

ሦስተኞቹ ያ ቀን ያለፋቸውና ትምህርታቸውን ሕንድ ተቀምጠው በኦንላይን የጨረሱት ናቸው። ለእነሱ መልስ የመጣው ክርክሩ በሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወራት ከፈጀ በኋላ፣ በማርች 2023 ነው። በየትኛውም የሕንድ ኮሌጅ ሳይመዘገቡ፣ በሕንድ ሥርዓተ ትምህርት የመጨረሻውን የሕክምና ዲግሪ ፈተና አንደኛና ሁለተኛ ክፍል፣ ጽሑፉንም ተግባሩንም፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሞክሩ ተፈቀደ። ሁለተኛው ክፍል የሚሰጠው አንደኛውን ላለፈ ብቻ ነው፣ ከዓመት በኋላ። ከዚያ ሁለት ዓመት ኢንተርንሽፕ፤ የመጀመሪያው ዓመት ያለ ክፍያ፣ ሁለተኛው በክፍያ። ሁሉ ቢሳካ እንኳ ሦስት ዓመት ያልፋል፤ ያውም ዲግሪ በእጅ እያለ።

በቁጥር የበዙትና በጣም የተጎዱት ግን አራተኞቹ፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ዓመት የነበሩት ናቸው። ጥያቄያቸው በሕንድ ኮሌጆች ውስጥ ቦታ እንዲሰጣቸው ነበር። መንግሥት በሴፕቴምበር 2022 ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰጠው መልስ የ1956ቱም ሆነ የ2019ኙ የሕክምና ሕግ ከውጭ ተቋም ወደ ሕንድ ኮሌጅ የሚያዛውር አንቀጽ እንደሌለው ገለጸ። የተፈቀደው ሌላ ነገር ነው። ሴፕቴምበር 6 ቀን 2022 ኮሚሽኑ ዩክሬን ያቀረበችውን «አካዳሚክ ሞቢሊቲ» እንደማይቃወም አስታወቀ። ተማሪው ለጊዜው በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ዲግሪውን የሚሰጠው ግን የመጀመሪያው የዩክሬን ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሞቢሊቲና ዝውውር አንድ አይደሉም፤ ብዙ ቤተሰብ የተደናገረው እዚህ ነው። በሞቢሊቲ ተማሪው የዩክሬኑ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ይቀጥላል፤ ሦስት ወገን የሚፈርምበት ስምምነት ይኖራል፤ «በአንድ ተቋም» የሚለው አንቀጽ ላይ የሚነሣውን ጥያቄ ኮሚሽኑ በልዩ ፈቃዱ ያለፈው ለዚህኛው ነው። በሙሉ ዝውውር ግን ተማሪው ከዩክሬኑ መዝገብ ይሰረዛል፤ ዲግሪው የአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ይሆናል። «ሁለቱም አንድ ነው፣ ወደ ጆርጂያ መሄድ ይሻላል» የሚል ምክር ሰምቶ የፈረመ ሰው የፈረመው ከሁለቱ የትኛውን እንደሆነ ሰነዱን አይቶ ማወቅ ነበረበት። አንዳንዶች በአንጻሩ ሰላም ወደሆኑት ወደ ምዕራብ ዩክሬን ከተሞች ተመልሰው ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በሳይረን መካከል ተምረው የተመረቁ አሉ። ሌሎች ሁሉን ትተው ከአንደኛ ዓመት ጀመሩ።

ትራንስክሪፕቱ

ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሄድ ላይ ሁሉን የሚወስነው አንድ ወረቀት ነው። ስለዚህ ቀረብ ብለን እንየው።

የዩክሬን ትራንስክሪፕት በአውሮፓው ክሬዲት ይሠራል፤ ለአንድ ዓመት 60፣ ለስድስት ዓመት 360 ክሬዲት። በዩክሬን አንድ ክሬዲት 30 ሰዓት ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የኮርሱን ስም አያነብም፤ ክሬዲቱንና ሰዓቱን ከራሱ ፕሮግራም ጋር ያነጻጽራል። ለምሳሌ በአንዱ ፋርማኮሎጂ 6 ክሬዲት ሆኖ በሌላው 9 ከሆነ፣ የ3 ክሬዲት ወይም የ90 ሰዓት ልዩነት ይመዘገባል። ይህን «አካዳሚክ ልዩነት» ይሉታል፤ ተማሪው በክፍያ፣ ከመደበኛው ትምህርት ጎን፣ በፈተና ይዘጋዋል። እንዲህ ያሉ አራት አምስት ኮርሶች ከተጠራቀሙ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን አንድ ዓመት ዝቅ አድርጎ ይቀበለዋል። አራተኛ ዓመት ጨርሻለሁ ብሎ አራተኛ ዓመትን እንደገና የጀመረ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ይህ ነው።

የሚያስቸግሩት ደግሞ ዝርዝር የሌላቸው ትራንስክሪፕቶች ናቸው። ጠቅላላ ሰዓት ብቻ ተጽፎ ስንቱ ሌክቸር፣ ስንቱ የተግባር፣ ስንቱ የራስ ጥናት እንደሆነ ካልተለየ ተቀባዩ ዝቅተኛውን ይገምታል። የኦንላይን ሴሚስተር ለብቻው ሲጠቀስም የክሊኒክ ኮርሶቹ ላይ ጥያቄ ይነሣል። መፍትሔው የኮርስ ዝርዝሩን፣ ሲላበሱን፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ማኅተም አስመትቶ መያዝ ነው። ጦርነት ሲነሣ የሬጅስትራር ሠራተኛ በምድር ቤት መጠለያ ውስጥ ነው፤ ኢሜይል አይመልስም።

ሌላው ኦሪጂናል ሰነድ ነው። ብዙዎቹ ሲመዘገቡ የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፍኬታቸውን ኦሪጂናል ለዲን ቢሮ አስረክበው ነበር። ቦርሳ ብቻ ይዘው ሲወጡ ሰነዱ ካርኪቭ ቀረ። ያለ እሱ ሌላ ዩኒቨርሲቲ አይመዘግብም፤ ለማስመለስ ደግሞ ውክልና፣ የተረጋገጠ ትርጉምና የሚላክ ሰው ያስፈልጋል። ኦሪጂናሉን ከማስረከብ በፊት በአገር ቤት ተረጋግጦ አፖስቲል (ሰነዱ ውጭ አገር እንዲያገለግል የሚሰጥ የመንግሥት ማረጋገጫ) የተደረገበት ቅጂ ቢያንስ ሁለት ማዘጋጀት የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። ፓስፖርት ላይ ያሉ የመግቢያና የመውጫ ማኅተሞች ገጾችም ስካን ተደርገው መቀመጥ አለባቸው። ተማሪው በአካል ተገኝቶ መማሩን ተቆጣጣሪው የሚያጣራው በእነሱ ነው፤ ፓስፖርት ሲታደስ አሮጌውን የጣለ ሰው ማስረጃውን ጥሏል።

ለሚመርጥ ሰው

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ዩኒቨርሲቲ መምረጥ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ከመጨረሻው ወረቀት ነው። የት አገር ነው የምሠራው? ዛሬ ቁርጥ ባይሆንም ሁለት አገር ይጻፍ፤ አንዱ የመጀመሪያ፣ አንዱ ተጠባባቂ። ከዚያ የእነዚያን አገሮች የፈቃድ ሰጪ አካል ደንብ በውጭ ለተመረቁ የሚለውን ክፍል ብቻ አውጥቶ ማንበብ። የትምህርቱ ዝቅተኛ ወር ስንት ነው? ኢንተርንሽፕ የት ይሠራ ይላል? በተማረበት አገር የመሥራት ፈቃድ ይጠይቃል? የትምህርት ቤቱ እውቅና ሰጪ ማን እንዲሆን ይፈልጋል? በኦንላይን የተሰጠ ትምህርት ላይ ምን ይላል? የጊዜ ገደብ አለ?

ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይኬዳል፤ በኤጀንት በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለዲን ቢሮው ተጽፎ። ጥያቄዎቹ አጭር ይሁኑ፤ መልሱ ግን በማኅተም ይምጣ። ትምህርቱ ስንት ወርና ስንት ሰዓት ነው፣ የተግባሩ ሰዓት ተለይቶ። የውጭ ዜጋ ተመራቂ በአገሩ የሙሉ ሐኪም ፈቃድ ማግኘት ይችላል ወይ፣ በየትኛው ሕግ። የመጨረሻው ዓመት የሚሠራባቸው ሆስፒታሎች የትኞቹ ናቸው፣ ከእነሱ ጋር ያለው ውል እስከ መቼ ነው። አንድ ተማሪ ማቋረጥ ቢኖርበት ትራንስክሪፕት በስንት ቀን ይሰጣል። ይህን በአንድ ወር ውስጥ መመለስ ያልቻለ ቢሮ ችግር ሲመጣ አይመልስም።

ገንዘቡ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ክፍያው በዶላር ሆኖ ገቢው በአገር ገንዘብ ከሆነ ምንዛሪው በስድስት ዓመት ውስጥ ይንቀሳቀሳል። የሕንድ ሩፒ በ2022 መጀመሪያ ለአንድ ዶላር 75 ያህል ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ 82 አለፈ። የ4,000 ዶላሩ የዓመት ክፍያ ከ3 ላክ ወደ 3.28 ላክ ሩፒ ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲው አንድ ዶላር ሳይጨምር። ሁለተኛው፣ የአንድ ሙሉ ዓመት ወጪ በተጠባባቂነት መቀመጥ አለበት። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከነበሩት አንድም ዓመት ሳይጨመርበት የወጣ ጥቂት ነው። ያ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ስድስተኛው ዓመት ላይ ቆሞ ሲቀር ማየት ልብ ይሰብራል፤ ከመጀመሪያው ርካሽ ወደሆነው ዩኒቨርሲቲ ወርዶ ያንን ዓመት ማትረፍ ይሻለው ነበር።

ለእንስሳት ሕክምና

የእንስሳት ሕክምና የሚያስብ ሰው ይህንኑ አካሄድ ይከተላል፤ ሰንሰለቱ ግን የተለየ ነው። እዚህ ይበልጥ የሚወስነው የትምህርት ቤቱ እውቅና ነው። በሰሜን አሜሪካ ለመሥራት የሚፈልግ፣ በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እውቅና ከተሰጠው ትምህርት ቤት ከተመረቀ፣ እንደ አገሬው ተመራቂ በቀጥታ ወደ ፈቃድ ፈተናው ይቀርባል። እውቅናው ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ላሉም ይሰጣል፤ በሴንት ኪትስና በግሬናዳ ያሉት ትምህርት ቤቶች፣ የለንደኑ ሮያል ቬተርነሪ ኮሌጅ፣ የኤዲንብራና የሲዩል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከሌላ ትምህርት ቤት የተመረቀ ግን በማኅበሩ የአቻ ግምገማ አራት ደረጃ ያልፋል፤ የሰነድ ማጣራት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የመሠረታዊና የክሊኒካል ሳይንስ የጽሑፍ ፈተና፣ በመጨረሻም ቀናት የሚወስድ የተግባር ፈተና። በተግባር ፈተናው ማደንዘዣ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የፈረስና የከብት ምርመራ አለ። በትናንሽ እንስሳት ክሊኒክ ብቻ ሰልጥኖ ላም ነክቶ የማያውቅ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው የሚጠየቀው ተጨማሪ ጥያቄ እያንዳንዱ ተማሪ በእጁ ስንት ቀዶ ሕክምና ይሠራል፣ ከብትና ፈረስ የሚያይበት እርሻ የት ነው የሚል ነው። ትምህርት ቤቱ በዝርዝሩ ላይ ያለው በሙሉ እውቅና ነው ወይስ በቅድመ ሁኔታ የሚለውም መታየት አለበት።

የገቡበት ቀን

ወደ ተማሪዎቹ እንመለስ። የኖቬምበር 2021 ደንብ ሲወጣ በውጭ እየተማሩ ያሉትን አይመለከትም ተብሎ ነበር፤ እነሱ በቀድሞው የ2002 ደንብ ይዳኛሉ። በዚያ ዓመት መኸር ላይ ብዙ አዲስ ተማሪዎች ወደ ዩክሬን ገቡ፤ የቪዛ መዘግየትና ዘግይቶ የወጣው የ«ኒት» ውጤት ምዝገባቸውን እስከ ዲሴምበር ገፍቶት ነበር። ስለዚህ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ለሁለት ደንብ የተከፈሉ ነበሩ። የሚለያቸው ኤጀንቱ የተቀበለው የክፍያ ደረሰኝ ወይም የግብዣ ደብዳቤው አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ አድርጎ የመዘገበበት የቅበላ ትእዛዝ ቁጥርና ቀን ነው። ያ ትእዛዝ በዩክሬንኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ የሚበዙት ተማሪዎች አይተውት አያውቁም፤ ዲን ቢሮ ፋይል ውስጥ ነው። ውጭ አገር የሚገባ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የዚያን ገጽ ቅጂ ጠይቆ፣ አስተርጉሞ፣ ወደ አገር ቤት ይላክ።